እቴጌዋን ማን ፈወሳት? የ«ኦርዳ» ፊልም የጉዳይ ጥናት

ኦገስት 18 ቀን 1357 የሞስኮው ሊቀ ጳጳስ አሌክሲ ወደ ሳራይ ለመሄድ ከከተማቸው ተነሡ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሳራይ በቮልጋ ወንዝ ታችኛው ክፍል የነበረች የወርቃማው ኦርዳ ዋና ከተማ ናት። ወርቃማው ኦርዳ ደግሞ የጄንጊስ ካን የልጅ ልጅ ባቱ የመሠረተው መንግሥት ነው። የሩሲያ መሳፍንት ግብር የሚያስገቡት፣ ሹመት የሚቀበሉት፣ ሲጠሩም አቤት ብለው የሚሄዱት ወደዚያ ነበር።

በዚያን ጊዜ ግን የተጠራው መስፍን አልነበረም። ካን ጃኒቤክ የፈለገው ጳጳሱን ነው። እናቱ እቴጌ ታይዱላ ታውራለች፤ ሐኪም አልቻለም። የአሌክሲ ገድል እንደሚለው የካኑ መልእክት ልመናም ዛቻም ነበረበት። እቴጌዋ በጸሎትህ ብታይ ሰላም እንሆናለን፣ ባታይ ግን አገርህን አጠፋለሁ የሚል።

ገድሉ ይቀጥላል። አሌክሲ ከመነሣታቸው በፊት በክሬምሊን ትልቁ ካቴድራል ውስጥ ጸሎት ሲያደርሱ በቀድሞው ሊቀ ጳጳስ በጴጥሮስ መቃብር አጠገብ የነበረ ጧፍ ማንም ሳይለኩሰው በራ። ጧፉን ቆራርሰው ለሕዝቡ በረከት አደሉት፤ ከሰሙ የተረፈውን ይዘው መንገድ ጀመሩ። ሳራይ ሲደርሱ ያንኑ አበሩ፣ ጸለዩ፣ እቴጌዋን ጸበል ረጩ። ዓይኗ በራ።

እኛ አገር ገድልና ድርሳን ሲነበብ እየሰማ ያደገ ሰው እዚህ ታሪክ ውስጥ አይጠፋም። በራሱ የሚበራው ጧፍም፣ ጸበሉም፣ የምትፈወሰው ንግሥትም ቤተኛ ናቸው። የሚያስቸግረው ሌላ ነው። ይህን ታሪክ ለዘመኑ ተመልካች ፊልም ላድርግ የሚል ሰው ተአምሩን ምን ያደርገዋል? እንዳለ ካሳየው የሰንበት ትምህርት ቤት ድራማ ይሆንበታል። ካወጣው ደግሞ ታሪኩ ራሱ የለም።

በ2012 ይህ ጥያቄ አንድሬይ ፕሮሽኪን በሚባል ሩሲያዊ ዳይሬክተር ጠረጴዛ ላይ ወደቀ። ፊልሙ «ኦርዳ» ይባላል። ስክሪፕቱን የጻፈው ዩሪ አራቦቭ ነው፤ ከአሌክሳንደር ሶኩሮቭ ጋር ለብዙ ዓመት የሠራ ጸሐፊ። ገንዘቡንና ሐሳቡን ይዞ የመጣው ከሩሲያ ቤተ ክርስቲያን ጋር በቅርብ የሚሠራው «ኦርቶዶክስ ኢንሳይክሎፒዲያ» የተባለው ተቋም ነው። ሥራው ሲጀመር መጠሪያው የጳጳሱ ስም ነበር፤ «ቅዱስ አሌክሲ»። ሲያልቅ ግን የጠላት አገር ስም ወጣለት። ይህ ለውጥ ብቻውን ብዙ ይናገራል።

ፊልሙ ምን አደረገ

ነገሩ የሚጀምረው ከሳራይ ነው፤ ከሞስኮ አይደለም። ካን ቲኒቤክ ዙፋን ላይ ተቀምጧል። ወንድሙ ጃኒቤክ ይገድለዋል። እናትየዋ ታይዱላ የሁለቱም እናት ናት፤ አንዱ ልጇ ሌላውን ሲገድል ታውቃለች፣ ታልፋለችም። ብዙ ሳይቆይ ዓይኗ ይጠፋል። ፊልሙ ይህ ቅጣት ነው ብሎ በግልጽ አይናገርም፤ ተመልካቹ ግን ሌላ ምን ሊያስብ ይችላል?

ከየአቅጣጫው ፈዋሽ ይጠራል። አንዱም አያድናትም። ከዚያ መልእክተኞቹ ሞስኮ ይደርሳሉ። መስፍኑ ቀዩ ኢቫን ሰው ፊት ቆሞ የሚንቀጠቀጥ ገዥ ነው። አሌክሲ እኔ ተአምር አድራጊ አይደለሁም ይላሉ። ማንም አይሰማቸውም። ካልሄዱ ሞስኮ ትቃጠላለች። ፌድካ የተባለውን አገልጋያቸውን አስከትለው ይሄዳሉ።

እስከዚህ ድረስ ገድሉና ፊልሙ አንድ መንገድ ይዘው ይጓዛሉ። ከዚህ በኋላ ይለያያሉ።

በፊልሙ አሌክሲ እቴጌዋ ፊት ቆመው ይጸልያሉ። ምንም አይሆንም። በቃ፣ ምንም። እቴጌዋ እንደታወረች ናት፤ ቤተ መንግሥቱ ያፍራል፤ ጳጳሱም ያፍራሉ። ሳይገድሏቸው ያባርሯቸዋል። ልብሳቸው ተገፎ፣ ክብራቸው ተገፎ፣ እንደ ለማኝ መንገድ ላይ ይጣላሉ። ወደ ሞስኮ መመለስ ይችሉ ነበር። ፌድካ ግን በባርነት እዚያው ቀርቷል። አሌክሲ ወደ ሳራይ ይመለሳሉ። አሁን ሊቀ ጳጳስ ሆነው ሳይሆን ከባሪያዎቹ አንዱ ሆነው። ሥራቸው የመታጠቢያ ቤት እሳት ማንደድ ነው። ጭስ፣ ጥላሸት፣ ዱላ። ሰው እዚያ እንደ ማገዶ ያልቃል።

ይህ ክፍል ረጅም ነው። ሆን ተብሎ የረዘመ ይመስለኛል። ማክሲም ሱኻኖቭ አሌክሲን የተጫወተው ግዙፍ አካሉን ቀስ በቀስ እያጎበጠ ነው። መጀመሪያ ላይ ጳጳስ እናያለን፤ ኋላ ላይ የምናየው ስሙ የጠፋ የእሳት ቤት ሠራተኛ ነው። ጸሎቱም አብሮ ይለወጣል። እቴጌዋን ፈውስልኝ የሚለው ልመና ቀርቶ በሌሎቹ ላይ የሚመጣው በእኔ ላይ ይምጣ የሚል ይሆናል።

በዚህ መሃል ታይዱላ ታያለች። አሌክሲ አጠገቧ የሉም። እጃቸውን አልጫኑባትም፤ ጧፍ አልበራም። ጃኒቤክ ግን ፈውሱን ለጳጳሱ ይሰጣል፤ ከእሳቱ ቤት አውጥተው በክብር ይሸኟቸዋል።

እዚህ ላይ ጸሐፊውን ማድነቅ ያስፈልጋል። ተአምሩን አላወጣውም፤ ቦታውን ቀየረው። ለማያምን ተመልካች በር ተከፍቶለታል፤ ዓይኗ በራሱ ጊዜ ዳነ ማለት ይችላል። ለሚያምን ደግሞ የበለጠ ጠንካራ ነገር ተሰጥቶታል። ጸሎቱ የተሰማው ጳጳሱ ካባ ለብሰው፣ ቤተ መንግሥት ውስጥ፣ ሁሉ ሰው እያያቸው ሲጸልዩ አይደለም። ምንም ሳይቀራቸው፣ ስለ ራሳቸው ዝና ማሰብ ሲያቆሙ ነው። ቤተ ክርስቲያን በገንዘቧ ባሠራችው ፊልም ውስጥ ቅዱሷ በአደባባይ ሲዋረድ ማሳየት ቀላል ድፍረት አይደለም። ብዙ የሃይማኖት ፊልም የሚሠሩ ሰዎች ይህን ቦታ ቢያጠኑት እወዳለሁ።

ከዚያ በፊት የነበሩት ሠዓሊዎች ይህን አላደረጉም። በሞስኮ ትሬትያኮቭ ጋለሪ ከ15ኛው መጨረሻ ወይም ከ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሆነ የዲዮኒሲ ሥዕል አለ፤ መሃሉ ላይ አሌክሲ ቆመዋል፣ ዙሪያውን የሕይወታቸው ታሪክ በትናንሽ ሥዕሎች ተደርድሯል። የታይዱላ ፈውስም ከነዚያ አንዱ ነው። ያኮቭ ካፕኮቭ የተባለ ሠዓሊም በ1840 ይህንኑ ትዕይንት በትልቅ ሸራ ሥሎታል። በሁለቱም ሥዕሎች ጳጳሱ እቴጌዋ አጠገብ ናቸው። ማን ፈወሳት ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ወረቀቱ የሚናገረው

አሁን ከፊልሙ ወደ ሰነዱ ልውሰዳችሁ። ነገሩ የሚጣፍጠው እዚህ ነው።

ገድሉን በሰፊው የጻፈው ፓኾሚየስ የተባለ ሰርባዊ መነኩሴ ነው፤ ዘመኑም 15ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ። ማለትም ነገሩ ከሆነ ከመቶ ዓመት በኋላ። ጉዞው ግን ልብ ወለድ አይደለም። አሌክሲ በ1357 ወደ ኦርዳ መሄዳቸውን ዜና መዋዕሎቹ መዝግበዋል፤ ሁከት እየተነሣ ስለነበር ቶሎ መመለሳቸውንም ጭምር።

ከዚህ ሌላ ደግሞ ደብዳቤዎች አሉ። የኦርዳ ካኖች ለሩሲያ ቤተ ክርስቲያን የሰጧቸው ያርሊክ የሚባሉ የመብት ደብዳቤዎች ናቸው። የመጀመሪያው ቅጂ ጠፍቷል፤ የቀረው የሩሲያኛ ትርጉማቸው ነው። በጥንቱ ስብስብ ውስጥ ስድስት ናቸው። ከስድስቱ ሦስቱ የማን እንደሆኑ ልንገራችሁ? የታይዱላ።

አዎ፣ የዚያችው የታወረች እቴጌ።

ከመጀመሪያው እንነሣ። ሞንጎሎች ሩሲያን የወረሩት ከ1237 እስከ 1240 ነው። ሪያዛን፣ ቭላዲሚር፣ ኪየቭ ተራ በተራ ተቃጠሉ። አብያተ ክርስቲያናት ከነሰዉ ነደዱ። በ1246 የቼርኒጎቩ መስፍን ሚካኤል ባቱ ዘንድ ሄዶ የሞንጎሎቹን የአምልኮ ሥርዓት አልፈጽምም ስላለ ተገደለ፤ ቤተ ክርስቲያንም ሰማዕት አለችው። ፊልሙ የቆመው በዚህ ትዝታ ላይ ነው። እምነት ማለት በካን ፊት መከራ መቀበል ነው የሚል።

ግን ወረራው ካለፈ በኋላ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ሞንጎሎች በያዙት አገር ያለውን የሃይማኖት ሰው ሁሉ፣ ቄስም ይሁን ሼክ ወይም የቡድሃ መነኩሴ፣ ከግብር ነጻ የማድረግ ልማድ ነበራቸው። በምላሹ የሚፈልጉት ጸሎት ነው፤ ለካኑና ለቤተሰቡ። በ1257 ቆጣሪዎች መጥተው የሩሲያን ሕዝብ ለግብር ሲመዘግቡ አበምኔቶችን፣ መነኮሳትንና ካህናትን እንዳልቆጠሩ ዜና መዋዕሉ ይናገራል። በ1261 በራሷ በሳራይ የኦርቶዶክስ ሀገረ ስብከት ተቋቋመ። ካን መንጉ ቲሙር በ1267 የሰጠው ደብዳቤ ካህናቱን ከግብርና ከውትድርና ነጻ አደረገ። የሩሲያውያንን እምነት የሰደበ ይሙት የሚል ቃልም አለበት። ገበሬው ግብር ከየት አመጣለሁ ብሎ ሲጨነቅ የገዳሙ መሬት ነጻ ነበር። በካኖቹ ዘመን የቤተ ክርስቲያኗ ይዞታ እየሰፋ ሄደ።

ይህ ነጻነት ግን አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚያበቃ አልነበረም። ካን በተለወጠ ቁጥር ሊቀ ጳጳሱ ሳራይ ሄዶ ማሳደስ ነበረበት። ደጅ መጥናት ነው፣ በአጭሩ። በ1342 ጃኒቤክ ዙፋን ሲይዝ የአሌክሲ ቀዳሚ ቴኦግኖስት ሄዱ። አንዳንድ ሩሲያውያን ራሳቸው፣ ይህ ጳጳስ ገቢው ብዙ ነው፣ በየዓመቱ ግብር ይክፈል ብለው ለካኑ ሹክ ብለው ኖሯል። ጃኒቤክም ክፈል አላቸው። አሻፈረኝ አሉ፤ አሠቃዩአቸው። በመጨረሻ በስጦታ መልክ 600 ሩብል በትነው ነጻነቱን ይዘው ተመለሱ። ለማን ለማን እንደበተኑት ዝርዝሩ ቢገኝ ደስ ባለኝ።

ታይዱላ የምትገባው እዚህ ነው። የኡዝቤክ ካን ዋና ሚስት፣ ቀጥላም የካኑ እናት ሆና፣ ለሩሲያ ጳጳሳት በራሷ ስም ደብዳቤ ትሰጥ ነበር። በ1354 አሌክሲ ለሹመት ወደ ቁስጥንጥንያ ሲሄዱ በኦርዳ ግዛት ማንም እንዳያስቸግራቸው የሚያዝ የይለፍ ደብዳቤ የሰጠቻቸው እሷ ናት። ዓይኗን ለመፈወስ ከመጠራታቸው ሦስት ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ሁለቱ ቢያንስ በወረቀት ይተዋወቃሉ። እሷ ደጋፊያቸው ነች። እሳቸው ጸሎት ይከፍሏታል።

እንዲህ ሲታይ የ1357ቱ ጥሪ የምጽዓት ቀን መሆኑ ይቀራል። አንዲት ኃያል ሴት ዓይኗ ሲደክም፣ ለዓመታት ስትረዳው የኖረችውን የሃይማኖት አባት ልካ ታስጠራለች። በጸሎቱ ነው የኖርነው፣ አሁን ይጸልይልኝ ብላ። የካኑ ዛቻ በኋላ ገድሉን ለማድመቅ ገብቶ ይሆናል፤ ወይም እውነት ይሆናል። ጉዞው አስፈሪ የነበረው ግን በሌላ ምክንያትም ነው። በዚያው 1357 ጃኒቤክ ሞተ፤ ልጁ በርዲቤክ አስገደለው የሚሉ ምንጮች አሉ። በርዲቤክ ወንድሞቹንም ፈጀ። አሌክሲ በዚህ መሃል ነበሩ። ከዚህ ሁሉ የወጡት በርዲቤክ የሰጣቸውን አዲስ ደብዳቤ በእጃቸው ይዘው ነው። የቤተ ክርስቲያኗ ነጻነት እንደገና ጸደቀ።

ፊልሙ ውስጥ ይህ ደብዳቤ ክብደት የለውም። ታይዱላም ደጋፊ አይደለችም፤ ደም የለመደች፣ ብልህና ቀዝቃዛ እናት ናት። ሮዛ ኻይሩሊና የተጫወተችበት መንገድ ግሩም ነው፤ ትንሽ ፊት፣ ትንሽ እንቅስቃሴ፣ ክፍሉን ሁሉ የምትገዛ። ግን እውነተኛዋ ታይዱላ ከዚህ ሰፊ ነበረች። የሞሮኮው ተጓዥ ኢብን ባቱታ በ1330ዎቹ በኡዝቤክ ካን ሠፈር አግኝቷታል። ካኑ ከሚስቶቹ ሁሉ አብልጦ የሚወዳት እሷን ነው ይላል። ወረድ ብሎ ደግሞ ከእቴጌዎቹ ሁሉ ስስታሟ እሷ ናት ይለናል። መንገደኛው ስጦታ እየጠበቀ እንደነበር ልብ በሉልኝ።

ፊልሙ ይህን የቆረጠው ባለማወቅ አይመስለኝም። «ኦርቶዶክስ ኢንሳይክሎፒዲያ» የተባለ ድርጅት ስለ ያርሊክ አያውቅም ማለት አይቻልም። የድራማ ምርጫ ነው። የመታጠቢያ ቤቱ እሳት እንዲሠራ ጳጳሱ ብቻቸውን መሆን አለባቸው። ቤተ መንግሥት ውስጥ የረጅም ጊዜ ደጋፊ ካላቸው ውርደታቸው ይቀልላል። በ1342 የተገደለው ቲኒቤክና የ1357ቱ እውርነት ተጣብቀው የመጡትም ለዚህ ነው፤ አሥራ አምስት ዓመት ሲጨመቅ ግድያና ቅጣት ጎን ለጎን ይቆማሉ። የደብዳቤዎቹ ዘመን የወደቀው ከዚያ አሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ነው።

እንደ ድራማ ተገቢ ምርጫ ነው እላለሁ። እንደ ታሪክ ግን ተመልካቹን ያስታል። የቤተ ክርስቲያኗን ድርሻ መከራ ብቻ ያደርገዋል። ሕዝቡ እየተገበረ ጳጳሳቱ ነጻ የነበሩበትን፣ ለካኑ ጤና በቅዳሴ የተጸለየበትን ዘመን ይደብቃል። ያ ዘመን የሚያሳፍር ብቻም አይደለም። የተቃጠሉት አብያተ ክርስቲያናት እንደገና የተሠሩት፣ የገዳማቱ መጻሕፍት የተጻፉት በዚያ ነጻነት ጥላ ሥር ነው።

ሳራይ በአቧራ፣ ሳራይ በሸክላ

ፊልሙ ላይ ጠብ የተነሣው ራሳቸውን የኦርዳ ዘር ከሚሉት ከታታሮች ዘንድ ነው። በታታርስታን የታሪክ ሰዎች ፊልሙን ተቃውመውታል። አያቶቻችንን አውሬ አድርጎ አቀረበብን ነው ቅሬታው። እኔም ቅሬታው መሠረት አለው ባይ ነኝ።

ኢብን ባቱታ የገለጻት ሳራይ ከውብ ከተሞች አንዷ ናት፤ መንገዷ ሰፊ፣ ገበያዋ ደማቅ። ስፋቷን ለማየት ከአንዱ ጫፍ በጠዋት ተነሥተው ሌላው ጫፍ የደረሱት ከቀትር በኋላ ነው። ሞንጎሉ፣ ኪፕቻኩ፣ ቼርኬሱ፣ ሩሲያዊው፣ ግሪኩ እያንዳንዱ የራሱ ሠፈርና የራሱ ገበያ ነበረው። አሥራ ሦስት የጁምዓ መስጊዶች ቆጥሯል። ኡዝቤክ ካን በ1313 ሥልጣን ከያዘ በኋላ እስልምና የመንግሥቱ ሃይማኖት ሆኗል። አርኪዮሎጂስቶችም ሴሊትረኖዬ በተባለው መንደር፣ የድሮዋ ሳራይ በነበረችበት ቦታ፣ ሰማያዊ የሚያብረቀርቅ ሸክላ፣ የውኃ ቧንቧና ከሥር የሚሞቅ መኝታ ያለው ቤት አውጥተዋል።

በፊልሙ ውስጥ ዓይን የሚሞላው ጭቃ፣ አቧራና ደም ነው። እስልምናው ጎልቶ አይታይም። ይህ ትልቅ ጉድለት ነው፤ ምክንያቱም የጃኒቤክ ቤተ መንግሥት የሙስሊም ቤተ መንግሥት ነበር። የሙስሊም ካን እናት የክርስቲያን ጳጳስ ጸሎት መጠየቋ ለፊልም ራሱን የቻለ ድንቅ ነገር ነበር። አልተነካም። ከዚህ ይልቅ ያለን እምነት ያለው ሩሲያዊና እምነቱ ያልታወቀ የስቴፕ ጨካኝ ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን ደግሞ አዘጋጆቹ በሌላ በኩል የደከሙበት አለ። የኦርዳ ሰዎች ሩሲያኛ አይናገሩም። በኦርዳ ይነገር ለነበረው የኪፕቻክ ቋንቋ ቅርብ ነው ተብሎ የተመረጠው ካራቻይ ባልካርኛ ነው፤ ዛሬ በሰሜን ካውካሰስ የሚነገር ቋንቋ። ተዋናዮቹ አጥንተውታል። ታይዱላን የተጫወተችው ታታር ናት፤ ጃኒቤክን የተጫወተው ኢኖኬንቲ ዳካያሮቭ የያኩት ሰው ነው። ጃኒቤክም ባዶ ክፉ ሰው አይደለም። ይቀልዳል፣ ይፈራል፣ እናቱን ይወዳል። ከሞስኮው መስፍን ከቀዩ ኢቫን ጋር ሲወዳደር የበለጠ ሰው ነው። ኢቫን የሚያሳዝን ፈሪ ሆኖ ነው የቀረበው፤ ለዚህ ደግሞ ታታሮች ሊናደዱ አይችሉም።

ከተማዋን ለፊልሙ ብለው የገነቧት በአስትራኻን ክልል፣ ከእውነተኛው የሳራይ ፍርስራሽ ብዙም ሳይርቅ ነው። ቀረጻው ሲያልቅ አላፈረሷትም። ዛሬ የቱሪስት መጎብኛ ሆናለች፤ ሰው ከፍሎ ይገባል፣ ግመል ላይ ተቀምጦ ፎቶ ይነሣል። የፊልሙ የጭቃ ሳራይ ለታሪኳ ሳራይ ጎረቤት ሆና ጋርዳታለች ብል ማጋነን አይሆንም።

በ2012ቱ የሞስኮ ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል ፕሮሽኪን ምርጥ ዳይሬክተር፣ ኻይሩሊና ምርጥ ተዋናይት ተባሉ። በዓመቱ መጸው ላይ ለሕዝብ ቀረበ።

ከፊልሙ በኋላ ያለው አሌክሲ

ፊልሙ የሚያቆመው ትሑቱ ሽማግሌ ላይ ነው። እውነተኛው አሌክሲ ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ኖሩ፤ ትሑት ብቻም አልነበሩም። የትልቅ ባላባት ቤተሰብ ልጅ ናቸው። በ1359 ቀዩ ኢቫን ሲሞት ልጁ ዲሚትሪ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ሞስኮን በተግባር የመሩት ጳጳሱ ናቸው። ለሞስኮ ጥቅም ሲሉ የቤተ ክርስቲያንን ሥልጣን እንደ ሰይፍ ተጠቅመውበታል፤ ኒዥኒ ኖቭጎሮድ አልገዛም ባለ ጊዜ አብያተ ክርስቲያናቱ እንዲዘጉ ተደርጓል። በ1368 የትቨሩ መስፍን ሚካኤል በእሳቸው ቃል ተማምኖ ሞስኮ መጣ፤ ታሰረ። ሚካኤል ከሁሉ አብልጦ የወቀሰው ጳጳሱን ነው።

በክሬምሊን ውስጥ ያሠሩት የተአምር ገዳም የቆመው ቀድሞ የታታሮች ግቢ በነበረው ቦታ ላይ እንደሆነ ይነገራል፤ ስጦታው የታይዱላ ነው ተብሎ ይታመናል። የሶቪየት መንግሥት በ1929 ማፍረስ ጀመረ። የአሌክሲ ዐፅም ዛሬ ያለው በሞስኮ የየሎኾቮ ካቴድራል ነው፤ ከ1947 ጀምሮ።

ታይዱላ ግን ብዙ አልቆየችም። በርዲቤክ በ1359 ተገደለ። ከዚያ በኋላ ኦርዳ ሃያ ዓመት በላይ ሲተራመስ ከሃያ የሚበልጡ ካኖች ተፈራረቁ። እሷም በ1361 አካባቢ በዚሁ ግርግር ተገደለች።

ስድስቱ ደብዳቤዎች ተከማችተው ተጠበቁ። ኋላ ላይ የሞስኮ መሳፍንት ራሳቸው የገዳማትን መሬት ሲመኙ ቤተ ክርስቲያን እነዚያን ወረቀቶች አውጥታ፣ አሕዛብ ካኖች እንኳ ያልነኩንን እናንተ ክርስቲያኖች ትነኩናላችሁ? ብላ ተከራከረችባቸው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ስብስቡ ላይ ከኡዝቤክ ካን የተሰጠ ነው የተባለ አንድ ረጅም ደብዳቤ ተጨመረ። የታሪክ ሊቃውንት የሐሰት ነው ብለውታል። ፎርጅድ ማለት ነው፣ ያውም ለመሬት።

የስድስቱ የመጨረሻ የተሰጠው በ1379 ነው። አሌክሲ በ1378 ሞተዋል። ሞስኮ በዚያው ዓመት በቮዣ ወንዝ የኦርዳን ጦር አሸንፋለች፤ በ1380 ደግሞ በኩሊኮቮ ጦርነት እንደገና ታሸንፈዋለች። እንዲህም ሆኖ ለሊቀ ጳጳስነት የታጨው ሚካኤል ወደ ቁስጥንጥንያ ሲሄድ በመንገዱ ከኦርዳ ካን የነጻነት ደብዳቤ ተቀብሏል። ደብዳቤው አልጠቀመውም፤ መርከቡ ቁስጥንጥንያ አጠገብ ሲደርስ ሞተ።